ሰርገኛ

ከፍራንኮ ወዲያ፣ ባጃጅ በሚዞርበት፣
አንድ ጠባብ ሱቅ አለ፣ እናቴ ዘርፌ ጤፍ የምትሸጥበት።
የአዳማ ቀትር ቆርቆሮውን ሲያግለው፣
ነፋሱ አቧራውን ዘግኖ በር ላይ ሲጥለው፣
እኔ ጆንያ ላይ ወጥቼ፣ ተቀምጬ፣
ከመምህር ደንደና ጥያቄ ጋር ነበርኩ ተፋጥጬ፦

"የነጩ ጤፍ ኪሎ መቶ አርባ ብር ቢያወጣ፣
የቀዩ ደግሞ በመቶ አሥር ቢመጣ፣
ሁለቱ ተደባልቀው መቶ ኪሎ ሲሞሉ፣
በመቶ ሃያ ሁለት እንዲሸጥ ኪሎው ሁሉ፣
ከነጩ ስንት ይግባ?"

ነጩን ኤክስ አልኩት። ቀዩ የቀረው ነው፤
መቶ ሲቀነስ ኤክስ። ቀለሙስ የት ነው?
አባዛሁ፣ ሰረዝኩ፣ ቅንፍ ከፈትኩ፣ ዘጋሁ፣
ላቤ ጠብ ብሎበት ሌላ ገጽ ዘረጋሁ።

እናቴ ሚዛኗን በሻሽ እየወለወለች፣
ፊደል ሳትቆጥር ብር ስትቆጥር የኖረች፣
"አንብቢልኝ" አለች።
አነበብኩ። ከነጩ አንድ እፍኝ፣ ከቀዩም አንድ እፍኝ፣
ጎን ለጎን ዘግና አሳየችኝ፦
"ነጩ አሥራ ስምንት ብር ወደ ታች ይወርዳል፣
ቀዩ አሥራ ሁለት ብቻ ወደ ላይ ይሄዳል፤
ብዙ የሚወርደውን ጥቂት ነው መጨመር፣
ያለዚያ መሳቢያሽ ባዶውን ነው የሚያድር።
ነጩ አሥራ ሁለት እጅ፣ ቀዩ አሥራ ስምንት፤
አርባ ለስድሳ ነው፤ ምን ያስፈጃል ሰዓት?"

እኔ ገና ቅንፍ ውስጥ ነበርኩ።
ቆይቼ፣ ስንቱን ሰርዤ፣ ኤክስን አርባ ላይ ያዝኩ።

"ማን አስተማረሽ?"
"ኪሳራ።"

ቱሉ፣ ባለ ወፍጮው፣ ቅንድቡ ዱቄት ለብሶ፣
በመስኮት ሳቀብን አንገቱን መልሶ፦
"የወፍጮዬ ጉሮሮ የሚያስቀረውንስ፣
ግማሽ ኪሎ ብናኝ፣ ማን ይክፈል? ኤክስ?"

ከዚያ መመዘን ሆነ። የምንጃሩ ነጭ አርባ ሲሞላ፣
እጇን አልሰበሰበችም፤ ደፋች አንድ ኪሎ ሌላ፤
ከአርሲው ቀይ ላይ አንድ ቀነሰች።
"ሠላሳ ብር ከሰርሽ!" አልኩ፣ ደብተሬን እያሳየሁ።
"እሷማ የስሜ ናት" አለች።

ሸራ ላይ ተደፉ፤ አካፋው አገላበጣቸው፣
ሰርገኛ ሆኑ፣ ሙሽራ እንኳ ሳይኖራቸው።

ደብተሬ ላይ አርባ ጻፍኩ፤ መምህር ደንደና ራይት አሉበት።
ስለዚያች አንድ ኪሎ ምንም አልጻፍኩበት።
ማታ ፀጉሬን ሳራግፍ ዱቄቱ ትራሴ ላይ ቀረ፤
የቱ ነጭ፣ የቱ ቀይ ነበረ?