የሥራ ልምድ፦ ዜሮ

ተቀመጥ ዱካው ላይ፣ ምንተስኖት፣ ግባ፣
በሩን ገርበብ አርገው፣ ብርዱ እንዳይገባ።
የጠባሴ ነፋስ ዲግሪ አይቶ አይምርም፣
ሱፍም ብትደርብ አጥንት ሳይነካ አይቀርም።
እጅህን አስጠጋው፣ ይሞቃል ማሽኑ፣
ዲግሪ ሲያባዛ ነው የሚያልፈው ቀኑ።

ከእነዋሪ መጣህ፣ በሌሊት አይሱዙ፣
ሽምብራ ጆንያ ላይ እግሮችህ ደነዘዙ፤
ፍላሽህን ሰጥተህ «ቶሎ አውጪልኝ» አልከኝ፣
እኔ ግን ሳነበው አንድ ነገር ከነከነኝ፦
«የሥራ ልምድ፦ ዜሮ»፣ በደማቅ ቀለም፣
ከበታቹ ነጭ ነው፣ ሌላ ነገር የለም።

«ሦስት ዓመት ጨምሪልኝ» ያለኝም ነበር፣
ማኅተም የሚቀርጽ ሰው ያውቃል እዚህ መንደር።
አልሠራሁለትም። ሌላ ቤት አሠራ፣
ለካ ፈታኟ ሴት የኖረች እዚያው ስትሠራ፤
«አለቃህ ማን ነበር?» ብላ ብትጠይቀው፣
ውርጭ እንደ መታው ገብስ ፊቱን አደረቀው።

ውሸትስ የለህም። ጥፋትህ ነው ሌላ፣
እውነቱን ጥለኸው መጥተሃል ከኋላ።
የሰፈሩን እድር መዝገብ ማን ነው የያዘ፣
የጋሽ ጥላዬ ዓይን ደክሞ ከፈዘዘ?
አራት ዓመት ሙሉ፣ በየክረምት ዕረፍት፣
አንዲት ሳንቲም ሳትጎድል ያወራረድክበት?
ለማኅበሩስ ቢሆን፣ ማዳበሪያ ሲመጣ፣
ስም ጠርተህ ያደልከው አንድ ሰው ሳይቆጣ?

«እሱም ሥራ ነው ወይ?» አትበለኝ። ሥራ ነው፣
ደመወዝ ባይኖረው አደራ የነበረው።
ጻፈው በቀጥታ፣ ሳታጋንን፣ ሳታፍር፣
ከሥሩም አስቀምጥ የጋሽ ጥላዬን ስልክ ቁጥር።

ሌላም ልጨምርልህ፦
የዞኑ አጥር ላይ ያ አሮጌ ሰሌዳ
ያለፈበት ይዟል፤ ቀኑን እይ፣ አትጎዳ።
«ለፎርም መቶ ብር» የሚልህ ደላላ፣
ሥራው አንተው ነህ፣ የለውም ሥራ ሌላ።
ዋናውን አትስጥ፣ ኮፒውን አስረክብ፣
(ለኔም ገበያ ነው፣ ይህንንም አስብ።)
ፋብሪካ በር ስትደርስ ጥበቃውን ሰላም በል፣
ማመልከቻህን እሱ ነው የሚያደርስ፣ የሚጥል።
«ይደወልልሃል» ካሉህም፣ አትቀመጥ፣
ስልክህን እያየህ እንደ ሻማ አትቅለጥ፤
ሐሙስ ካልደወሉ ዓርብ ጧት አንተ ደውል፣
«አለሁ» ማለት እንጂ ልመና አይባል።

መብራት ሄደ።
አየህ? ዜሮህም አብሮ ሄደ፤
ደግነቱ ሴቭ አላደረግኩትም።

እስኪመጣ የኔን ላጫውትህ።
ያ ባለ መስተዋቱ፣ በቀኝህ የተሰቀለው፣
አሁን አይታይህም፣
የኔ ነው። አካውንቲንግ። ስምንት ዓመት አለፈው።
ሸዋ ሮቢት ወርጄ ተፈትኛለሁ፣ በዚያ ሙቀት፣ በዚህ ካፖርት።
መሀል ሜዳ ወጥቼ ለአንድ ቦታ
ከዘጠና ሰው ጋር ተሰልፌአለሁ።
አንድ ጊዜ ደውለውልኝ ነበር፤
ስልኬ ቻርጅ አልነበረውም።
ይህን ሁሉ የማውቀው ሆኖልኝ አይደለም፣
ሳይሆንልኝ ነው።
ማሽኑን በዕቁብ ገዛሁት፣ የዕቁቡም ጸሐፊ እኔ ነበርኩ።
እሱን እኔም የትም አልጻፍኩትም።
አንዳንድ ማታ፣ ስዘጋ፣
መስተዋቱን በእጅጌዬ እወለውለዋለሁ።
ለምን እንደሆነ አትጠይቀኝ።

መጣ! ተመስገን። እንጻፍ ከመነሻው፦
«የእድር ሒሳብ ያዥ»፣ ቀጥል፣ ንገረኝ እስከ መጨረሻው።
አሥራ ሁለት ብር ነው። አልምርህም፣ ክፈል፣
ሒሳብ ያዥ ከሒሳብ ያዥ ምሕረት አይቀበል።

ስትወጣ በሩን ተወው፣ አትዝጋው።
አንዲት ልጅ ቆማለች ውጭ፣ ፍላሽ በመዳፏ ይዛ፣
እንደ ቅድሙ አንተ ትንቀጠቀጣለች።
ግቢ በላት።