ሳል

ከምኒልክ ሆስፒታል ስንወጣ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤
ሐኪሟ "ሞራ ነው፣ ለሐሙስ ይምጡ" አለችው።
አባቴ ሐሙስን በጣቱ ቆጠረው፤
ሦስት ቀን አድፍጦ
እንደሚጠብቀው አውሬ አረገው።

ወደ አራት ኪሎ በእግር አዘገምን፤
ሚኒባሱ ሁሉ "ፒያሳ! ፒያሳ!" እያለ አለፈን።
መንገድ ልናቋርጥ ጠርዙ ላይ ስንቆም
አፍንጫውን ቀና አርጎ "ነፋሱ በየት ነው?" አለኝ፤
"መኪና ነው አባ፣ ሽታችን አይገደውም።"
"የማይገደው የለም" አለና እጅጌዬን ያዘኝ።

ዛሬ እሱ ነው የያዘኝ። ድሮ እኔ ነበርኩ፣ የካፖርቱን ጫፍ፣
በገለማ አናት፣ ጥቅምት፣ ውርጩ እንደ ጨው ሲረግፍ፤
ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ጫማዬ የወንድሜ፣
በረገጠው ብቻ የምረግጥ ደግሜ።

ፈቃዱ በደረት ኪሱ ነው፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ፤
ፊደል አልቆጠረምና "አንብብልኝ" ይላል፣ በየእረፍቱ ቁጭ ብሎ።
"አንድ ወንድ የደጋ አጋዘን። ቀንዱ የደረሰ።"
"ከዚያስ?"
"ፊርማ። ክብ ማኅተም። ጥጉ በሻይ የራሰ።"

"ጫካው የማን ነው?" "የመንግሥት።" "መንግሥት የት ነው?" "አዲስ አበባ።"
"እዚህ መጥቶ ያውቃል?" "እንጃ።" በአስታው ሥር ጎንበስ ብሎ ገባ፤
ተከትዬው ስገባ፣ ድምፁን አሳንሶ፣ ለራሱ እንደሚል ነው፣
"መሬቱ የሱ ነው" አለኝ፣ "ዱካው ግን ላየው ነው።"

ከዚያ አየነው። ጅብራው መሃል፣ ከጉልበቱ በታች ጉም፤
ቀንዱ ተጠምዝዞ፣ ግራ ጆሮው ተቀዶ፤ እሱ ግን አላየንም።
አባቴ ተንበረከከ። ምንሽሩን ትከሻው ላይ ገጠመ።
ትንፋሹን ዋጠ፤ ዋጥኩ፤ ነፋሱም ከእኛ ጋር አደመ።

እና አሳልኩ።

አንድ ጊዜ። ደረቅ። እንደ ቅርንጫፍ ስብራት።
ጉሙ ብቻ ቀረ፣ ጉሙ ላይ ቀዳዳ፣ አጋዘን የነበረበት።
አባቴ አልተቆጣም። ጥይቱን አወጣ፣ በመዳፉ አሞቀው፣
"ብርዱ ነው" አለና ካፖርቱን ደረበልኝ፤
እኔም ብርዱ ነው አልኩ፤ ይኸው
ሠላሳ አንድ ዓመት ብርዱ ነው።

ሳይንስ ፋኩልቲ ግቢ፣ ከዛፎቹ ጀርባ፣ ሙዚየም አለ ያረጀ፤
ጠባቂው ትኬት ቆርጦ "አሥር ተኩል እንዘጋለን" ብሎ አወጀ።
ውስጡ ናፍታሊን ናፍታሊን ይላል። አባቴ በሩ ላይ ሲቆም
"ብዙ የሞተ አለ እዚህ" አለኝ፣ "ደም ደም ግን አይልም።"
መስተዋቱ ፊት አቆምኩት። ጽሑፉን አነበብኩለት እንደ ድሮው፤
"የደጋ አጋዘን። ወንድ።" ፊርማ የለው፣ ማኅተም የለው።

ግንባሩን አስጠጋ። ለሱ አሁን ሁሉም ጉም ነው፣
ከጉሙ ወዲያ ደግሞ አንድ ቡናማ ነገር የቆመ የሚመስለው።
"ግራ ጆሮውን እይልኝ፤ ጫፉ ተቀዷል እንዴ?"
በእግሬ ጣት ቆሜ አየሁት፤ ደግሞ አየሁት ሌላ አንዴ።
"ሙሉ ነው አባ።"
"እንግዲያ ይሄ ሌላ ነው። የኛውን እግዜር አተረፈው፤
እግዜርና ያንተ ጉሮሮ።"

ትንፋሹ መስተዋቱ ላይ ነጭ ክብ ሠራ፣ እንደ ማኅተም፤
"ያን ቀን" አለኝ፣ "ጉንፋን አልነበረብህም።"

እኔ ደብቄ የኖርኩትን ነገር
ዱካውን አግኝቶት ኖሯል፣ ከዚያው ከተራራው፣ ሳይናገር።
"ለምን ዝም አልከኝ?" አልኩት።
"አንተስ?"

ጠባቂው ቁልፉን አቃጨለ። "አባባ፣ ሰዓት ደርሷል።"
አባቴ አልተነቃነቀም። አንገቱ ወደ ግራ ዘንበል ብሏል፣
ከመስተዋቱ ወዲያ ነፋስ የሚሰማ ይመስላል።
ጠባቂው እኔን አየኝ። እኔ ወለሉን አየሁ።

ከዚያ አሳልኩ።
አንድ ጊዜ። ደረቅ።

ትከሻው በሳቅ ተንቀጠቀጠ፤ ዞረ፤ ወደ በሩ ብርሃን አዘገመ፤
"ብርዱ ነው" አለው ለጠባቂው፣
እጅጌዬን በዳበሳ እየፈለገ።