ሁለት ሰከንድ

ቁልፉ ሲዞር ገና፣ ሞተር ሳይነሣ፣
ከጭነቱ በታች፣ ማንም የማያወሳ
«እምምም» የሚል ድምፅ፣ ለሁለት ሰከንድ፣
እንደ ንብ ጉምጉምታ፣ ቀፎ ውስጥ፣ በብርድ።
ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ይህን ፎርድ ስነዳ
ልብ ብዬው አላውቅም፣ ልክ እንደ ሰው ዕዳ።
ዛሬ ጠፋ።
ያኔ ሰማሁት።

ከሌሊት ፈረቃ፣ ከቄራው ስንወጣ፣
ብራንደን፣ ሚያዝያ፤ በረዶው ጠቁሮ ጭቃ ሲያወጣ፣
አዞርኩት፦ ዝም።
ደግሜ አዞርኩት፦ ዝም።
ኤልመር፣ የሳልቫዶሩ፣ የላስቲክ መዶሻ ይዞ መጣ።
በጀርባው ተንሸራቶ ከጋኑ ሥር ተኛ፤
«እኔ ስመታ አዙር» አለኝ፣ ለእኛ
በምትበቃን ቋንቋ፦ ግማሿ እጅ፣ ሩቧ ቅንድብ፣
የተረፈችው እንግሊዝኛ።
ሦስቴ መታው። እንደተኛ ዘበኛ
ፖምፓው «እ!» ብሎ ነቃ።
«ለቤት ብቻ» አለ ኤልመር፣ ጣቱን እያነሣ፣
«ከእንግዲህ ዱላም አይሰማም።»

የሚያናድደኝ ደግሞ፣ በዋዜማው ማታ
ትርፍ ሰዓት ተከፍሎኝ፣ ሞልቼው በደስታ
ከአፍ እስከ ገደፉ! በሃያ ዶላር፣ በሃያ ዶላር
ጉሮሮውን ብቻ ሳረጥብለት ስኖር፣
ጠግቦ ባደረ ማግስት ሞተ።

ኤልመር ግን ሳቀብኝ። «ፖምፓ» አለ «የሚኖረው
ቤንዚን ውስጥ ጠልቆ ነው፤ የሚያቀዘቅዘው
ያው የሚገፋው ነው። ጋኑ ሲጎድልበት
አናቱ ይራቆታል፣ ይፈጀዋል የራሱ እሳት።
ትናንት አይደለም የሞተው።
ሃያ በሃያ ነው የሞተው።»

እኔ ዝም። ስንት ነገር
በሃያ በሃያ እንደያዝኩ መቁጠር ጀምሬ ነበር፤
ተውኩት። ክሪኩን አቀብለኝ እያለኝ ነበር።

እሑድ። ልጄ ዮዳሄ መብራት ይዛልን፣
ባትሪውን ነቅለን፣ ጎረቤቱን ከነሲጋራው አባረን፣
ቤንዚኑን በቱቦ፣ በአፌ ስቤ፣ አራት ጀሪካን ቀዳን።
(እስከ ማክሰኞ ሻዬ ቤንዚን ቤንዚን አለኝ።)
ጋን በጠጠር ይደገፋል፦ ከክሪኩ ላይ ጣውላ፣
ከጣውላው ጎን ጠጠር።
ብሎኖቹን ግን ጨው በልቷቸው፣ ከብረቱ ጋር ተጋብተው፣
ዘይት ብናጠጣ፣ ብንለምን፣
አንዱ፣ ሁለቱ፣ ሦስቱ ተፈቱ፤
አራተኛው ቋ!
አንገቱ ላይ ቀረ። ኤልመር በስፓኒሽ አንድ ነገር አለ፤
ትምህርት ቤት የምትማረው ልጄን ትርጉሙን ብጠይቃት
«ሰላምታ ነው» አለች።

ጋኑ ቀስ ብሎ ወረደ።
ዮዳሄ በጓንቷ አናቱን ስትጠርግ
ከአቧራው ሥር፣ በነጭ ቀለም፣ ጽሑፍ ወጣ፦
«ፓምፕ ተቀየረ። ጃንዋሪ 2009። ከዜሮ በታች 38። ኤች. ፍሪሰን።
ለሚቀጥለው፦ አራተኛው ብሎን ይሰበራል፣ ተጠንቀቅ።»

ሽማግሌው ፍሪሰን! በተቀበረ በወሩ ነው ከሚስቱ የገዛሁት፤
መልኩን አላውቀውም። ምክሩን ግን
ብሎኑን ሰብረን ካልገባን በቀር
በማናነበው ቦታ ጽፎልን፣
ሦስታችንም ጭቃው ላይ ተቀምጠን ሳቅን።

አሮጌው ፖምፓ ከመዳፌ አይበልጥም፤ ማጣሪያው ጥላሸት።
አዲሱን አስገብተን፣ እሳት እንዳይፈናጠር
ቀለበቱን በእንጨት መትተን፣
ቱቦዎቹን ቀጭ፣ ቀጭ።
ልጄ ቀለም አንሥታ፣ ከፍሪሰን ሥር፣ በእኛ ፊደል፦
«ሚያዝያ ፲፩። ፖምፓ ተቀየረ። አራተኛው ብሎን አዲስ ነው።
ጋኑን አታጉድል።»
«ማኒቶባ ውስጥ ይህን ማን ያነበዋል?» አልኳት።
«የሚፈታው» አለች።

ማታ። ቁልፉን አዞርኩ፤ ሞተሩን አላስነሣሁም።
እምምም። ሁለት ሰከንድ።
አጠፋሁ። አዞርኩ። እምምም።
ኤልመር ከውጭ እጁን አወናጨፈ፦ አስነሣው እንጂ!
«አባዬ፣ ባትሪ ትጨርሳለህ።»
አንዴ ብቻ፣ አልኳት።
አንዴ ብቻ።