የሚሞቀው ጫፍ

ሮብ ገበያ ማለዳ፣ ጮቄ ጉም ለብሶ፣
ሣሩ ላይ አመዳይ እንደ ጨው ተነስንሶ፣
ሃምሳ ኩንታል ድንች ከላይ ተደርድሮ፣
አይሱዙዬ ቆሟል ደጃፌ ላይ አድሮ።

ቁልፉን ሳዞረው፦ እርርር... ቆየና... እርርር፣
ዳገት እንደ ጀመረ የሽማግሌ እግር።
የዳሽቦርዱ መብራት ዓይኑን ጭፍን ግልጥ፣
ሞተሩ ዞርኩ ሲል ወገቡ ቁርጥ፣ ፍልጥ።

ሰው ከየት መጣ አይባል፤ ምክር ከብርድ ይቀድማል፤
«ባትሪው ነው» ይላል አንዱ፣ «ውሃው ደርቆበታል።»
«የለም፣ ሞተሪኖው ነው፤ ካርቦኑ ሳያልቅ አይቀርም።»
«ዘይቱ ነው የረጋው፤ ያለ እሳት አይነሣም።»
እሜቴ ሽቱ ብቻ፣ ጆንያ ላይ ቁጭ ብለው፣
«ዓይን ነው፣ ልጄ!» አሉ፣ «ምነው እንዲህ ቀባኸው?»
(ለእህቴ ሠርግ ነበር ሰማያዊ የቀባሁት፣
ከሻሲው እስከ ጣሪያው ቦታ ሳልተውለት።)

ሳቅሁባቸው በሆዴ። ወይፈኔ ገበያ ወጣ፣
በእሱ ዋጋ ከማርቆስ ጥማድ ባትሪ መጣ።
ሳምንት ደህና ሰነበትን፤ በስምንተኛው ንጋት
እርርር አለ እንደ ጥንቱ፣ ያው ድካም፣ ያው ዝለት።
ካርቦኑ ተቀየረ፣ ቦኮላው ተቀየረ፣
የኪሴም መልክ ተቀየረ፤ እርርሩ ግን ነበረ።
ከዚያ ወዲያ ቁልቁለት አይቼ ማደር ለመድኩ፣
ባንቴ ድንጋይ ሲያነሣ ተንከባልዬ ሄድኩ፤
ሜዳ ላይ የቆምኩ ለት ግን መንገደኛ እለምናለሁ፣
«ግፉኝ» ማለት እንዴት ያሳፍራል መሰላችሁ?

«ይርሳው አለ» አሉኝ፣ «ከመናኸሪያው ጀርባ፣
ጋራዡ በር የለውም፣ ዝም ብለህ ግባ፤
ብታንኳኳም አይሰማ።» እውነትም አይሰማም፤
ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ የሚነግረኝ የለም።
ክንዴን በዝግታ አዙሬ ሕመሙን አሳየሁት፤
ፈገግ አለ። ገባው በእጄ ያቃሰትኩት።

ካቢናውን አጋደለ። ቴስተርም ፒንሳም አላነሣ፤
ለባንቴ በአገጩ «አዙር» ብሎ፣ እጁን ሰደደ ለዳሰሳ።
እርርሩ ሲያቃስት፣ መዳፉ ካቮው ላይ፣
ከባትሪው ራስ ጀመረ፤ ቀዝቃዛ፣ እንደ አመዳይ።
ወደ ሞተሪኖው ወረደ፤ ያም ቀዝቃዛ ነው።
«ደግመህ አዙር።» ተመለሰ፤ ጥቁሩን ካቮ ያዘው፣
ማሳውን፣ ኤሌክትሪኩ ወደ ቤቱ የሚገባበትን፣
(የሚሄደውን እንጂ ማን ያያል የሚመለሰውን?)
ከሻሲው የታሠረበት ጫፍ ላይ ሲደርስ
እጁን ነጠቀ፣ ንብ እንደ ነደፈው፣ መለስ።
ያንኑ እጅ ዘርግቶ የእኔን እጅ ወሰደ፣
እዚያው ላይ አኖረው፤ መዳፌ ነደደ።

ብሎኑን ፈታው። ከሥሩ፣ በብረትና በብረት መሃል፣
የሠርጉ ሰማያዊ እንደ መጋረጃ ተዘርግቷል።
እሜቴ ሽቱ ትዝ አሉኝ። ምንም አላልኩም።
ይርሳው በብርጭቆ ወረቀት ፋቀው፤ አልቸኮለም፤
ብረቱ ነጭ እስኪስቅ፣ እስኪያሳይ ፊቱን፤
ግራሶ ቀባ አድርጎ አጠበቀ ብሎኑን።

«አዙር።»
«እር» ብሎ ሳይጨርስ ሞተሩ ተቀበለው፣
የጋራዡን ቆርቆሮ ነዘረው፣ አርገፈገፈው።
ይርሳው አልሰማውም። ደረቱን መከላከያው ላይ አስደግፎ
ቆየ፤ ራሱን ነቀነቀ፣ ዓይኑን ከደን አድርጎ።
ሁለት ጣት አወጣ። ሁለት ሺህ ቆጠርኩ፤
ሁለት መቶ አንሥቶ ቀሪውን መለሰልኝ፤ አፈርኩ።

አሮጌዎቹ ባትሪዎች፣ ያለ ጥፋት የተባረሩት፣
አሁን አልጋዬ ሥር ናቸው፤ አምፖሌን የሚያበሩት።
ወይፈኔ ግን ወደ ማርቆስ መውረጃ ከሰው እርሻ ገብቷል፣
ከማላውቀው በሬ ጋር አንድ ቀንበር ይስባል።
ሳልፍ ጥሩምባ ነፋሁለት፣ ቆም ብዬ በመንገዴ፤
ቀና አላለም።
ሞተሩን አላጠፋሁም፣ በልማዴ።