ሽ

ኮዬ ፈጬ፣ ብሎክ መቶ አራት፣ አራተኛ ፎቅ።

ካርቶን ቆራረጥኩ፣ ቃል በማርከር ጻፍኩና
በሊጥ ለጠፍኳቸው፤ ሙጫ የለኝምና።
«በር» በሩ ላይ ዋለ፣ «አልጋ» ካልጋው ራስጌ፣
«ባልዲ» ባዶው ባልዲ፤ ሌላም ቃል ፈልጌ
«ውሃ»ን ይዤ ቀረሁ።

«ውሃስ የት ይለጠፍ?» ትላለች ኤልዳና፤
«ቧንቧው ደርቋል ልጄ፤ ቆይ እስቲ ይምጣና።»

ድምፅ እናጠናለን መብራት እስኪጠፋ፦
«ዝ» ዝንብ ከመስኮት ጋር በከንቱ ስትለፋ፣
«ር» ባጃጅ ዳገት ላይ፣ «ም» ሙዝ ሲጣፍጣት፣
«ሽ» ላይ ስንደርስ ግን ምሳሌ አጣሁላት፤
«እሽሩሩ» እንዳልል፣ አድጌያለሁ ባይ ናት።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ክርኗ ጎኔን ነካ፦
«እማ፣ ስሚ፣ ቧንቧው ፊደል ያውቃል ለካ!»

ፍ... ፍ... አየር ተፋ፤ ከዚያም ረጅም «ሽ» አለ፤
እኔ ወደ ጀሪካን፤
ፎቁ ሁሉ ባልዲ ለባልዲ ተቀባበለ።
እሷ በጨለማ፣ በባዶ እግሯ ቆማ፣
«ሽ ነው! ሽ ነው እማ!»

ጠዋት ሳይ፣ ቧንቧው ላይ፣ ያለ ሊጥ ተጣብቆ
አገኘሁት «ውሃ»ን፣ ማርከሩ ለቅቆ፤
የ«ሃ» እግር ረዝሞ፣ ረዝሞ፣
ማጠቢያው ውስጥ ገብቷል።