አልጋው ተይዟል

ሐምሌ አሥራ ስምንት፣ ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣
በር ለበር ስንዞር በየፔንሲዮኑ ተራ፤
«አልጋ አለ?»
«የለም፣ ተይዟል።»
«ፍራሽስ? ኮሪደር?»
«ኮሪደሩም ሞልቷል።»
ቁልቢ የሚወጣው ስለት ተሸክሞ
ደረጃው ላይ ሳይቀር ተኝቷል ተጋድሞ።

ኢብሳ፣ ሾፌራችን፣ ሳቢያን ነው ቤቱ፤
በእንግዳ ተጨንቆ፣ ጣራ ላይ ነው አሉ መኝታው ከነሚስቱ።
«አቦ ይቅር በሉኝ» አለና ሳቀ፣
የመሥሪያ ቤቱን ድንኳን ከመኪናው ኋላ ጎትቶ፣
እኔና ዘካሪያስን አስታቅፎን ራቀ።

እኔ ቀያሽ ነኝ።
ሜትር ዘርግቼ፣ ችካል ቸክዬ፣
ይሄ የእከሌ ነው፣ ያ የእከሊት ብዬ፣
ስንቱን ባለካርታ፣ ባለርስት አድርጌ፣
ለአንድ ሌሊት ጎኔ ሁለት ካሬ ፈልጌ
ደቻቱን ይዤ ሽቅብ ወጣሁ፣
አስፋልቱ እስኪያልቅ፣ መብራቱ እስኪሳሳ።

ከዚያ አሸዋው!
ደረቅ፣ ሰፊ፣ ልስልስ፣
የቀኑን ሙቀት ገና ያልለቀቀ።
ዘካሪያስ ጫማውን አውልቆ ተንጋለለ፤
«ይሄን የሚያህል አልጋ» አለ፣
«ያለ መታወቂያ፣ ያለ ቀብድ፣ በነጻ!»
ችካሉን መታን፤ ተነቀለ።
ደግመን መታን፤ ተነቀለ።
ድንጋይ ጫንበት።
አሸዋው ለምን እንደማይዝ
ማናችንም አልጠየቅንም።

አንድ ሽማግሌ መጣ፣ አካፋው ትከሻው ላይ፣
ሽርጡን ሰብስቦ፣ ጢሙ በሂና ቀልቶ።
ሙሜ ይባላል። አሸዋ ጫኝ ነው፤
ሃያ ስድስት ዓመት ይህን ወንዝ
በአካፋ እየዛቀ ለከተማው ግድግዳ ሸጦ።
ድንኳኑን አየ። እኛን አየ።
ሰላምታም ሳያስቀድም፣
«አቦ ተነሱ! አልጋው ተይዟል» አለን።

«ማን ያዘው?»
በእጁ አላሳየንም፤ በአገጩ ብቻ፣
ወደ ደንገጎ።
እዚህ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ኮከብ የፈሰሰበት፤
እዚያ ግን፣ ከጋራው ጀርባ፣ ድምፅ አልባ መብረቅ
እንደ እርጥብ ክብሪት ይጫራል፣ ይጠፋል።
«እሱ ሲመጣ አያንኳኳም።»

አጉረመረምን። ነቀልን። ተሸከምን።
ከዳርቻው በላይ፣ ከአንዲት ግራር ሥር፣
እሾህና ጠጠር ላይ ድንኳኑን መልሰን ተከልን፤
ድንጋዩ ጎኔን እየወጋኝ፣
የሽማግሌ ነገር! እያልኩ ሳማው፣
እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርገኝ

መጀመሪያ ሽታው መጣ፤ እርጥብ አፈር፣
ከላይ የተጠረገ የሰው ማሳ።
ቀጥሎ ድምፁ። የዕቃ ባቡር መሰለኝ፤
ኋላ ግን ሐዲዱ በዚህ እንደማያልፍ ትዝ አለኝ።

ባትሪ አበራን።
ባለቤቱ አልጋው ላይ ነበረ፤
ቡናማ፣ ከዳር እስከ ዳር የተንጋለለ፣
ግንድ እያገላበጠ፣ ድንጋይ ከድንጋይ እያፋጨ፣
ዘካሪያስ ጫማ ባወለቀበት ልክ።
ዘካሪያስ እጄን ያዘኝ፤
ዘጠኝ ሰዓት ነበረ፤
እስኪነጋ አልለቀቀኝም።

ሲነጋ ሄዷል።
አሸዋውን እንደ አንሶላ አንጥፎ፣
አንድ ቢጫ ጀሪካን፣ አንድ የጃንጥላ አጽም
ራስጌው ላይ ትቶ።

ሙሜም ከነአካፋው ተመለሰ።
«አዳር ስንት ነው?» አልኩት፣ ለቀልድ፤
እጄ ግን ኪሴ ውስጥ ነበረ።
ዙሪያችንን አየ፤ የሰርዲን ቆርቆሮ፣
የውሃ ፕላስቲክ፣ የጠቆረ ጉልቻ።
«ያመጣችሁትን ይዛችሁ ሂዱ፤
ሌላ ሂሳብ የለም።»
ፌስታል ሞላን። አመዱን ቀበርን።
እሱ አዲሱን አሸዋ መዛቅ ጀምሯል።

መኪናው እስኪመጣ መዝገቤን ገለጥኩ።
ከቢሮ ሳልነሳ፣ ከካርታ ላይ አይቼ፣
ለዚህች መሬት፣ «ባለይዞታ» በሚለው ሣጥን፣
«የለም፤ ክፍት ቦታ» ብዬ ነበር።
ሰረዝኩት።
እርሳሱን ጥቂት አኘክሁ።
«ተይዟል» ብዬ ጻፍኩ፤
በግርጌውም፣ ለሚቀጥለው ቀያሽ፣
በትንንሽ ፊደል፣
«ሌሊት ይመጣል።»