ተራ አሥራ አራት

ሐሙስ ነው። ኮሌጁ፣ የአእምሮ ክፍል በር፣
ካርድ እያገላበጥኩ ስም ስጠራ ነበር።
"ተራ አሥራ አራት! አዛናው!" ዝም።
ደግሜ ጠራሁት፤ አግዳሚው ላይ የለም።

ባለፈው ወር ሲመጣ ከማራኪ በእግሩ፣
አቧራ ለብሶ ነበር ጫማና ጸጉሩ።
ዘጠኝ ጥያቄ አለ ቅጹ ላይ፤ መጨረሻው ከባዱ፣
"በጭራሽ" አለኝና ሳቀ እንደ ልማዱ።
እኔም ምልክት አደረግሁ፤ ውጭ ስልሳ ሰው አለ፣
ብዕሬ ቸኮለ።

ሊወጣ ሲል፣ በሩን ይዞ፣
"ሲስተር፣ ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ማን አለ?" አለኝ ፈዞ።
"ድንገተኛ ክፍል ና" አልኩት፤ መመሪያው ይላል እንዲያ።
የጠየቀኝ ሌላ ነበር። ገባኝ፣ ከሄደ ወዲያ።

በሳምንቱ መጡ እትዬ ዘመናይ፣
ጥቁር ለብሰው። ካርዱን አኖሩት ጠረጴዛዬ ላይ።
"ጠበሉም፣ ኪኒኑም፣ አንቺም ደከማችሁ፤
ተራውን ለሌላ ስጪው ልጄ፣ አይባክንባችሁ።"

ማታ ፋይሉን ገለጥኩ፤ የት ነበር የሳትኩት?
ሁሉም ቦታው ሞልቷል፣ በጄ ነው የጻፍኩት።
ፋይሉ ሙሉ ነው።
የጎደለው ሰው ነው።
ከሳሙና በር እስከ አዘዞ በመስኮት መብራት ቆጠርኩ፣
የትኛው ሥር ማን እንዳልተኛ ሳላውቅ አደርኩ።

"ተራ አሥራ አራት!" አንዲት ልጅ ተነሣች፣
ዩኒፎርም ለብሳ፣ ጫማዋን እያየች።
ቅጹን በጀርባው ገለበጥኩት።
"ማታ ማታ" አልኳት፣ "ከማን ጋር ነሽ?"
ዝም አለች።
ወንበሬን ወደሷ ሳብኩ፤
ይምሽ ቢመሽ።